የጀርባው ግድግዳ

"ቁሙ! ማንም እንዳይነካ!" አሉ ግንበኛው ኦቦ ገርባ። የግድግዳ መቁረጫውን ግራይንደር አጠፉና ሜትራቸውን ግድግዳው ላይ ዘረጉ።

መብሩካ ከግድግዳው ፈቀቅ አለች። ከሱቋ ኋላ ያለው የመኝታ ቤቷ የጀርባ ግድግዳ ዛሬ በር ሊወጣለት ነው። ሰበታ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሻርፕና ጨርቅ የሸጠችበት ሱቅ ፊቱ ወደ ድሮው መንገድ ነው፤ አዲሱ አስፋልት በጀርባ ካለፈ ወዲህ በዚያ በኩል ዝር የሚል ገዢ ጠፍቷል። ባሏ አብዱረዛቅ "ዘግተን ተጂ ከተማ ወንድሜ ጋ እንግባ፣ እህል እንነግዳለን" ማለት ከጀመረ ወራት ሆኖታል። አዲሱን በር እንኳ የፈቀደላት በግድ ነው፤ የድሮው በር ለማንኛውም እንዳለ ይቆይ ብሎ። እሷ ግን አልጋውን ትናንት አስወጥታ ሻርፖቿን በገመድ ሰቅላለች፤ እንቅልፍም አልወሰዳት።

"ይሄ የበሩ የጠመኔ መስመር ትናንት እዚህ ነበር?" ጠየቁ ኦቦ ገርባ።

መብሩካ የተሰቀለ ሻርፕ ማስተካከል ጀመረች።

"መብሩካ?"

"ትንሽ ሰፋ አድርጌዋለሁ" አለች። "ጠዋት ከሶላት በኋላ። በዚህ አንድ ስንዝር፣ በዚያም አንድ ስንዝር። ሻርፖቹ በደንብ እንዲታዩ ብዬ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ያዙ። "ያ ረቢ! ግድግዳ እንደ ጨርቅ በስንዝር ይለካል እንዴ ልጄ? ከበሩ አናት ላይ የሚጋደመውን ኮንክሪት የሠራሁት ለሁለት ሜትር በር ሁለት ሜትር ከአርባ ሳንቲም አድርጌ ነው። ጫፍና ጫፉ ምን ላይ ሊያርፍ ነው? አየር ላይ?"

"ጣሪያው ይወርድብን ነበር!" አለ አብዱረዛቅ። "እኔ ድሮም ብያለሁ።"

መብሩካ ፊቷ ጋለ። ሱቋን አድናለሁ ብላ ቤቱን ልታጣ ነበር። በእጅጌዋ ጠመኔውን እየፈተገች አጠፋችው፤ ከዚያ ኦቦ ገርባ መሳቅ ሲጀምሩ እሷም አብራ ሳቀች።

ግራይንደሩ ጮኸ፣ አቧራው ቤቱን ሞላው። ግድግዳው በአጣና ተደገፈ፤ የግንበኛው አራት ሠራተኞች እያቃሰቱ ኮንክሪቱን ወደ ቦታው አስገቡ። ከቀትር በኋላ ኦቦ ገርባ ከኮንክሪቱ በታች፣ በሰው ዓይን ልክ፣ አንዲት ብሎኬት ብቻ፣ ሳትሰበር፣ መዘው አወጡ።

"ለዛሬ ይቺ ትበቃለች። የቀረው ሲሚንቶው ሲይዝ ነው።"

በቀዳዳው ፀሐይ ገባች። የመኪናው ጡሩምባ፣ የሰው ጫጫታ ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ። መብሩካ እንደ ልጅ ዘለለች።

ወዲያው ቀዳዳው ጨለመ። ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ ዓይኗን አስጠግታ ወደ ውስጥ ታያለች።

"አሻም! እዚህ ሱቅ ነበር እንዴ? በየቀኑ እኮ ነው የማልፈው!"

"ነው! ግቢ... ማለቴ በሩ ገና ነው!"

"ያቺን አረንጓዴ ሻርፕ አሳዪኝ እስቲ።"

መብሩካ ሻርፑን ከገመድ አውርዳ ጠቅልላ በቀዳዳው አሳለፈች። ሴትዮዋ ውጭ ብርሃን ላይ ዘርግታ አየችው፣ ትንሽ ተከራከረች፣ ገዛች። ከኋላዋ ሌላ ድምፅ "ምንድን ነው የሚሸጡት?" ሲል ተሰማ።

መብሩካ በደስታ ወደ ባሏ ዞረች። አብዱረዛቅ ግን አጠገቧ አልነበረም። የወጣችውን ብሎኬት በሁለት እጁ አቅፎ ሱቁን አቋርጦ እየሄደ ነበር። የድሮው በር ደፍ ላይ አስቀመጣትና አቧራውን ከእጁ አራገፈ።

"ኦቦ ገርባ" አለ፣ "የቀሩትንም ሲያወጡ እንዳይሰብሩብኝ። ይህንን የድሮ በር እንደፍንባቸዋለን።"