ከራስጌው ጀርባ

ሬናታ መጀመሪያ ያነሳችው ፎቶግራፎቹን ነበር። ከዚያ መጋረጃውን፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹን፣ በመጨረሻም የጓዳሉፔዋን እመቤት ማርያም ሥዕል ከነሻማው። ይህች ቀጭን የዋና ከተማ ልጅ ሥራዋ ለሽያጭ የቀረበ ቤት ማሳመር ነው። የኪራይ ዕቃ ይዛ ትመጣለች፣ ቤቱ ሲሸጥ ጭና ትሄዳለች።

«አይቀየሙኝ ዶኛ ኤሊሂያ፤ ገዢ ሲገባ የራሱን ኑሮ ነው ማየት ያለበት።»

«የኔን ኑሮ ቢያይ ምን ይሆናል?»

«አይገዛም።»

ኤሊሂያ ከልቧ ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! ባሏ ዊልበርት ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ አንዲት ልጇ ኒዲያ ይችን ሜሪዳ ከተማ ለቃ ሩቅ ኬሬታሮ ከተማ ከገባች ደግሞ ሃያ። አፏን ሳትከፍት የምትውልበት ቀን ከመብዛቱ የተነሳ፣ ጋዝ ሻጩ በሩን ሲያንኳኳ ድምፅዋ ሻክሮ ነበር የሚወጣው። ቤቱን ለመሸጥ የተስማማችውም ለዚሁ ነው፤ ልጇ ጋ ገብታ ሰው ባለበት ልታረጅ።

መኝታ ክፍሉ ጋ ሲደርሱ ሬናታ ግራ ተጋባች። ትይዩ ግድግዳዎቹ ላይ የብረት ሜንጦዎች ተተክለዋል። በአንዱ ጥንድ ላይ ሃማካ ተዘርግቷል፤ ኤሊሂያ ዕድሜዋን ሙሉ የተኛችበት፣ ከግድግዳ ግድግዳ የሚንጠለጠል የክር መረብ መኝታ። ሌላው ጥንድ የዊልበርት ነበር፤ አሁን ባዶ ነው።

«አልጋው የት ነው?»

«ይኸው!»

«ማለቴ… አልጋ፣ አልጋው።»

«ልጄ፣ አርባ ስድስት ዓመት እዚህ ላይ ተኝተናል። ማንም አልወደቀም።»

ሬናታ አልሰማቻትም። የሜሪዳን ሰው አልጋ ላይ ለማስተኛት መሞከር የሌላ አገር ሰው ስህተት ነው፤ እሷ ግን አንድ ሰፊ አልጋ ከስምንት ትራስ ጋር አስመጣችና ሃማካውን ፈትታ በየሜንጦው የአበባ ማሰሮ አንጠለጠለች።

«ስምንት ትራስ ለስንት ጭንቅላት ነው?» አለች ኤሊሂያ።

«ለዓይን ነው፤ አይተኛበትም።»

ይህን ሁሉ ኤሊሂያ በቀልድ አሳለፈችው። በቀልድ ማለፍ ያቃታት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከዊልበርት መኝታ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ የሰሃን ስፋት ያለው የጠቆረ ቦታ ነበር። ዊልበርት ሃማካውን ለማወዛወዝ ግድግዳውን በባዶ እግሩ ገፋ ያደርግ ነበር፤ በዓመታት ብዛት ቀለሙ አልቆ የጣቶቹ ምልክት ሳይቀር ታትሞበታል። እሱ ከሞተ ወዲህ ኤሊሂያ ያንን ቦታ በጨርቅ እንኳ ነክታው አታውቅም።

ቀለም ቀቢው ጋስፓር የዊልበርት የድሮ ወዳጅ ነው።

«አንተ ጋስፓር፣ ይቺን ተዋት።»

«ያቺ ሴትዮ ትገድለኛለች።»

«እኔስ የማልገድልህ መስሎህ ነው?»

ጋስፓር ብሩሹን ይዞ ቁጢጥ አለና ቦታውን አየው። «ይሄ ሰውዬ ሞቶም ግድግዳ ያበላሻል» አለ፤ ዓይኑን ግን በክንዱ ጠረገ። ዙሪያውን ነጭ ቀባና የአልጋውን ራስጌ እላዩ ላይ ገፍቶ ከለለው።

ሥራው አለቀና ሁሉም ሄዱ። ቤቱ እንደዚያ አምሮ አያውቅም፤ እንደዚያም ጭር ብሎ አያውቅም። አልጋው ላይ መተኛት አይቻል፣ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ሎሚ መንካት አይቻል። ኤሊሂያ ሃማካዋን ጓሮ ልብስ ማጠቢያው ዳስ ውስጥ አሰረች፤ የእመቤቷንም ሥዕል አጠገቧ አቆመች።

«እኔና እመቤቴ ተሰደድን» አለች ለኒዲያ በስልክ።

«ትንሽ ታገሺ እማዬ። ክፍልሽ ተዘጋጅቷል፣ አልጋም ገዝቼልሻለሁ።»

«ሜንጦ አለው?»

«ሰባተኛ ፎቅ ነው እኮ! ግድግዳው ስስ ሳንቃ ነው፤ ምስማር እንኳ አይዝም።»

«እሺ፣ ይሁን።»

በየማለዳው ግን መኝታ ክፍሉ ትገባና ተንበርክካ እጇን ከራስጌው ጀርባ ትሰዳለች። መዳፏን እዚያ ታሳርፍና «እንዴት አደርክ?» ትለዋለች።

ቅዳሜ ከሞንቴሬይ የመጡ ባልና ሚስት ቤቱን አዩ። ሁሉን ወደዱት። «ዛሬውኑ እንፈራረም» አለ ሰውየው፤ «ብቻ ቁም ሣጥኔ የሚቆምበትን ግድግዳ ልይ።» ራስጌውን ሳብ አደረገው።

«ይሄ ምንድነው? እርጥበት ነው?»

ሬናታ ፊቷ ቀላ። «ቀለም ቀቢው ዘንግቶት ነው፤ ሰኞ ነጭ እናደርገዋለን።»

«ከዘነጋው ችግር የለም። እርጥበት ከሆነ ግን አልገዛም።» ወደ ኤሊሂያ ዞረ። «እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

እውነቱ ቀላል ነበር። የባሌ እግር ነው ብትል ቤቱ ይሸጣል፤ በሳምንቱ ኬሬታሮ ናት፤ ጠዋት ጠዋት የልጇን ድምፅ ትሰማለች። ሰኞ ደግሞ ግድግዳው ነጭ ይሆናል።

«እርጥበት ነው» አለች። «ከመሠረቱ ነው የሚመጣው። በየዝናቡ ይመለሳል።»

ሚስትየዋ ቦርሳዋን አነሳች።

ሰኞ የጭነት መኪና መጥቶ አልጋውን፣ ትራሶቹን፣ ማሰሮዎቹንና ሎሚውን ወሰደ። ሬናታ አልተሰናበተቻትም። ከሰዓት በኋላ ኒዲያ ደወለች።

«እርጥበት አለ አሉኝ። የትኛው ግድግዳ ላይ?»

«በአባትሽ በኩል።»

«ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል?»

«ከጉልበት ዝቅ።»

ኒዲያ ገባት። ልጅ ሳለች አባቷ ሆድ ላይ ተኝታ በዚያ እግር ስንት ጊዜ ተወዛውዛለች።

«ክፍልሽን እኮ አንቺ የምትወጂውን ቀለም ቀብቼው ነበር» አለች። «ከሥራ ስገባ ሰው ይጠብቀኛል ብዬ ነበር፣ እማዬ።»

ኤሊሂያ በእነዚህ ሃያ ዓመታት ልጇም ብቻዋን እንደምትውል አንድ ቀን አስባው አታውቅም። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ ሃማካዋን ከዳሱ አምጥታ ባዶው ክፍል ውስጥ ሰቀለችው፤ በራሷ ሳይሆን በዊልበርት ሜንጦዎች ላይ። በእሱ ቦታ ተኝታ አታውቅም ነበር። ጋደም አለችና ግድግዳውን ለመግፋት እግሯን ዘረጋች። አንድ ስንዝር ጎደላት። ወደ ጠርዙ ተጠግታ እንደገና ሞከረች፤ አሁንም አልደረሰችም።

ዊልበርት ረጅም ሰው ነበር። ሃማካው ሳይወዛወዝ ቀረ።