አሥራ አንድ በያጆችና አንድ መስቀል

ኤልዮዶሮ በሞተ በሰባተኛው ቀን እህቱ ኒሚያ ከጓሮ ሁለት ቁራጭ ብረት ይዛ ወጣች። በከተማቸው በካአፑኩ ለሞተ ሰው ጸሎቱ ዘጠኝ ቀን ነው፤ በዘጠነኛው መስቀሉ መቃብሩ ላይ ይተከላል። የመቃብር ስፍራውን የብረት መስቀሎች ግማሹን እንደ ኤልዮዶሮ ለሠራ በያጅ ደግሞ የእንጨት መስቀል አይቆምለትም።

"ይህን በይዱልኝ፣ ልጆች" አለች፣ በረንዳው ላይ ቺፓ የሚሉትን የአይብ ዳቦ ለሚገምጡት ለቀስተኞች።

ማንም አልተነሣም። አሥራ አንድ ነበሩ፤ አሥራ አንዱም የዋና ከተማው የሙያ ማሠልጠኛ ተቋም በስልክ አስተምሮ ያስመረቃቸው በያጆች።

ተቋሙ የዛሬ ሁለት ዓመት ሙያን እንደ ዜና በስልክ እልካለሁ ብሎ ተነሣ። ባመቸህ ሰዓት ቀዝቃዛውን የቅጠል መጠጥ፣ ቴሬሬህን፣ እየጠጣህ ተማር፤ በመጨረሻም ስትበይድ ተቀርጸህ ላክ። በያጅ ፊቱ በማስክ ይሸፈናል፤ ውስጡ ያለውን ማን ያያል? አሥራ አንዱ በየተራ ኤልዮዶሮ ጓሮ መጡ። እሱም ሰውን እምቢ ማለት አያውቅምና ማስኩን አጥልቆ በየደላቸው፤ እነሱም ቀረጹት። በሁሉም ቪዲዮ ጠረጴዛው ሥር ያው አንድ ዓይና ውሻው ተኝቷል። ፈታኞቹ ውሻውን አላዩም። ለዚያው ለአንድ ሰው የእጅ ሥራ ለአንዱ ስድሳ ሁለት፣ ለሌላው ዘጠና አራት ሰጡ።

ኤልዮዶሮ ራሱም ተመዝግቦ ነበር፤ ግን ማንበብ ስለማይችል ከስልኩ ንባብ አልፎ ፈተናው ጋ አልደረሰም። እናነብልሃለን ያሉት ሁሉ የምስክር ወረቀታቸውን ሲይዙ በደጁ ማለፍ ትተው በሌላ መንገድ መሄድ ጀመሩ።

"ምን አስፈራችሁ?" አለች ኒሚያ። "መሣሪያው ያው፣ ጠረጴዛው ያው።"

ዊልፍሪዶ ጉሮሮውን ጠረገ። ዘጠና አራት ያገኘው እሱ ነው፤ ተቋሙም የስልክ አስተማሪ አድርጎታል። "እትዬ ኒሚያ፣ እኔ እንኳ አሁን ማስተማር ላይ ነኝ።"

"እንግዲያ የምታስተምረውን ሥራዋ።"

"የኔ ክፍል ንድፈ ሐሳቡ ነው።"

"ወንድሜ የተቀበረው በንድፈ ሐሳብ አይደለም፣ ልጄ።"

አንዱ ሳቁን ሊውጥ ሲል ቺፓው አነቀው። ዊልፍሪዶ ያኔ ተነሣ። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ የገዛ ትምህርቱን ከፈተ፤ ማስኩንም አጠለቀ። የብየዳው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ብረቱ ላይ ተጣበቀ። ሲያላቅቀው እንደገና ተጣበቀ።

"ዘንጉን ከፍ አድርገው" አለ ከኋላው የቆመ አንዱ።

"ስድሳ ሁለት ያገኘኸው ሰውዬ፣ ዝም በል" አለው ዊልፍሪዶ ከማስኩ ውስጥ።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት መስቀሉን አምጥቶ ለኒሚያ ሰጣት። ብየዳው ታኝኮ የተተፋ ካሳቫ ይመስል ነበር። ወንድሟ ሁልጊዜ ሥራውን ሲጨርስ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ መገጣጠሚያውን ይዳብስ ነበር፤ ጣቱ ሳይደናቀፍ ከዳር ዳር ሲያልፍ ፈገግ ይላል። ኒሚያም ዳበሰችው። ጣቷ በየእርምጃው ተደናቀፈ።

"አመሰግናለሁ" አለች፤ የለቅሶ ቤት ነውና ሌላ አልጨመረችም።

በማግሥቱ ሰልፉ ሊነሣ ሲል ብድግ ብታደርገው አግዳሚው ብረት ተላቆ እግሯ ሥር ወደቀ። ለቀስተኛው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። እሷ ከአጥሩ ሽቦ ቆረጠች፣ በወንድሟ ፒንሳ እያጠበቀች ሁለቱን ብረቶች ጠፈረቻቸው። እጇ ደማ።

"ልሸከምልዎት፣ እትዬ" አለ ዊልፍሪዶ።

"አንተ ስልክህን ያዝ።"

ከፊት ብቻዋን ሄደች፤ አሥራ አንዱ ክት ልብሳቸውን እንደለበሱ ተከተሉ። መቃብሩ ላይ መስቀሉን በተቆፈረለት ጉድጓድ አቁማ አፈሩን ሞልታ ረገጠች፣ መስቀሉ ዘመም ብሎ ቆመ። ተንበርክካ አፏን ወደ አፈሩ አስጠጋች፤ የቅርቦቹ ግን ሰምተዋታል።

"ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ" አለች። "የአገሩን በያጅ ሁሉ ይዤ ነበር የመጣሁት።"