ምክንያቱ ያልታወቀ ቁርጭምጭሚት

ሴትዮዋ በአንድ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ወንበር ትሸጥ ነበር። መደብሩ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ወንበር አለው፦ የሚወዛወዝ፣ የሚታጠፍ፣ በቆዳ የተለበጠ፣ ለሕፃን የሚሆን፣ ወፍራም ሰው የሚችል። ከነዚህ ሁሉ ለእሷ የተፈቀደ አንድም የለም። መግቢያው ግድግዳ ላይ «መቀመጥ የሚችለው ደንበኛ ብቻ ነው» የሚል ጽሑፍ በወፍራም ቀለም ተጽፏል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህ ነገር ቅር ብሏት አያውቅም። ከደንበኛ ደንበኛ ስትሾር ስለምትውል ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «እንዝርት» ነው የሚሏት።

አንድ ማክሰኞ ጧት ግን ከአልጋዋ ወርዳ ወለሉን ስትረግጥ፣ ቀኝ ቁርጭምጭሚቷን አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ በመርፌ የሚጠቀጥቃት መሰላት። አልወደቀች፣ አልተጋጨች፣ ጉድጓድ አልረገጠች። እስከ ምሳ ሰዓት ሕመሙ ተረከዟ ገባ፤ ከሥራ ስትወጣ ውስጥ እግሯን ይዞ እስከ ጣቷ ደርሷል። «ነገ ይተወኛል» አለች። ነገም አልተዋት፣ በሳምንቱም አልተዋት፣ በወሩም አልተዋት።

ባሏ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ምክንያት የሌለው ብልሽት የለም ብሎ ያምናል። እግሯን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና የመብራቱን አንገት ጎንበስ አድርጎ በትንሿ መፍቻ እጀታ መታ መታ አደረገው።

«እዚህ ጋ ያምሻል?»

«አዎ።»

«እዚህስ?»

«እሱም።»

«አሁን እጄን ሳነሳው?»

«አሁንም ያው ነው።»

«በቃ የላላ ነገር አለ» አለ። «የላላ ነገር ነው ሲነኩትም ሳይነኩትም የሚጮኸው።»

«እኔ መቼ ጮህኩ?»

«ገና ትጮኺያለሽ።»

ጎረቤት ደግሞ መቼም ለምክር አይሰስትም። አንዷ በሙቅ ውኃ ንከሪው አለቻት፣ ሌላዋ በበረዶ እሰሪው። ማንንም ላለማስቀየም ጧት ትነክራለች፣ ማታ ታስራለች። ሦስተኛዋ ጫማ ቀይሪ ስትላት ቀየረች፤ እግሩ ግን ያው የድሮው እግር ሆነ።

እግሯ እስኪቀጥን ሐኪም ቤት ተመላለሰች። ቢቀጥን እንኳ አንድ ምልክት ይገኝ ነበር፤ እንደ ቀድሞው አምሮበት ቁጭ አለ እንጂ። የመጀመሪያው ሐኪም ራጁን ወደ መስኮቱ ቀና አድርጎ አየው።

«እግርሽ ንጹሕ ነው» አላት።

«ታጥቤ ነው የመጣሁት።»

«ምንም የለበትም ማለቴ ነው።»

«ሕመም አለበት እኮ።»

«እሱ በራጅ አይታይም» ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ አስጠራ።

ሁለተኛው ሐኪም መቼ እንደጀመራት ጠየቃት።

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ምን ተፈጠረ?»

«ምንም።»

«ምንም ባልተፈጠረበት ቀን እንዴት ይጀምርሻል?» አለ፣ ልክ እንደተሰደበ ሰው። ደም አስወሰደ፣ ሽንት አስመረመረ፣ ከሳምንት በኋላ ሁሉም ነገሯ ደህና መሆኑን አበሠራት። በዕድሜዋ እንደዚያ ያለ አሳዛኝ የምሥራች ሰምታ አታውቅም። ሐኪሙም «ምክንያቱ ያልታወቀ የእግርና የቁርጭምጭሚት ሕመም» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን አሳረፈበት።

ወረቀቱን ለሥራ አስኪያጁ ወሰደችለት። ሥራ አስኪያጁ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከረባቱ የማይዛነፍ፣ ደንብ ከሆነ እናቱንም የሚያሰልፍ ሰው ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት አረፍ ልበል ነው።»

«ምክንያት አለሽ?»

«ይኸው፣ ወረቀቱ።»

«ወረቀቱ ምክንያቱ አልታወቀም ነው የሚለው። ባልታወቀ ምክንያት መቀመጥ ማለት ያለ ምክንያት መቀመጥ ነው። ያለ ምክንያት የሚቀመጠው ደግሞ ደንበኛ ብቻ ነው» አለና ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ባሰባት። የሽያጭ ክፍሉ ዞረባት። ምን እንደምታደርግ ሳታስበው ሰማያዊ ጋውኗን አውልቃ መስቀያው ላይ ሰቀለችና በጓሮ በር ወጣች። ሕንፃውን እያነከሰች ዞራ በዋናው በር ገባች፤ በቆዳ የተለበጠው ትልቅ ወንበር ላይም ዘፍ አለች። «እፎይ» ስትል ድምፁ መጋረጃ ክፍል ድረስ ተሰማ።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። እሷን አየ፣ የግድግዳውን ጽሑፍ አየ፣ ጋውን አለመልበሷን አየ። መጨረሻ ላይ ደንቡ አሸነፈውና እጅ ነሳ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እመቤቴ። ምን ልታዘዝ?»

አሥራ አንድ ዓመት «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው በድንገት እርስዎ ሲላት ደነገጠች። ግን አልተነሣችም።

«ወንበር እያየሁ ነው።»

«እንዳሻዎ ይዩ። ሻጯን ልጥራልዎ። የት ገባች ደግሞ ይቺ?» እውነትም አንገቱን እያሰገገ ይፈልጋት ጀመር።

«እግሯን አሟት ይሆናል።»

«አይ፣ እሷማ…» አለና ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከእርስዎ ምን እደብቃለሁ፤ ሦስት ወር ሙሉ እግሬ እግሬ ነው። እርስዎ እንዴት ያዩታል? ትዋሻለች?»

«አትዋሽም።»

«እኔን ያስጨነቀኝስ እሱ አይደል!» አለ። «ብትዋሽ በተገላገልኩ። ውሸታም አባርሬ አውቃለሁ። ዝም ብሎ እያነከሰ የሚሠራ ሰው ግን ምን እንደሚደረግ ደንቡ ላይ የለም። ስታነክስ ባየሁ ቀን ቤቴ ገብቼ እህል አይወርድልኝም።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። «ይህን ለእሷ ነግረዋት ያውቃሉ?»

«ለሠራተኛ? ኧረ ምን በወጣኝ!»

ይህን ሲነጋገሩ ሙሽሮች የሚመስሉ ባልና ሚስት ገቡ። ሚስትየዋ የሴትዮዋን ፊት አይታ ቆመች። ሕመሙ ለጊዜው ስለለቀቃት ዓይኖቿ ክድን ክድን ይላሉ።

«አየሃት?» አለችው ባሏን። «ነፍሷ እኮ ነው የተቀመጠችው። እኛም የምንፈልገው ይሄንን ነው።»

ወንበሩ ተሸጠና ከሥሯ ተወሰደ። ወደሚቀጥለው ተሻገረች፤ እሱንም አንድ ሽማግሌ ወሰዱት። መደብሩ እስኪዘጋ ድረስ አምስት ወንበር ከሥሯ ተሸጠ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት። ጋውኗን ለብሳ ስለነበር ወደ «አንቺ» ተመልሷል።

«ትናንት አንዲት ደንበኛ ነበረች» አላት። «ተቀምጣ ስታሸጥልን ዋለች። ልቅጠራት አልኩ፤ ብቀጥራት ሠራተኛ ትሆናለች፣ ሠራተኛ ደግሞ አይቀመጥም። ስለዚህ ወንበር ፈታሽ የሚባል የሥራ መደብ ከፍቻለሁ። ፈታሽ ሲቀመጥ ተቀመጠ አይባልም፣ ሠራ ነው የሚባለው። አንቺ ትይዢዋለሽ።»

ሁለት ሳምንት እንደ ንግሥት ተቀመጠች። በሦስተኛው ሳምንት ግን ያ ጉደኛ ሕመም በተቀመጠችበት መጣ። ቁርጭምጭሚቷ ደነዘዘ፣ ከዚያም ነደደ። ወንበሩን ደግፋ ቆመች። ሥራ አስኪያጁ ከሩቅ አይቷት ደረሰ።

«ምነው ቆምሽ?»

«መቀመጡም አመመኝ። ቆም ስል ይሻለኛል።»

«ፈታሽ አይቆምም! ቆመው የሚፈትሹት ወንበር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቋ መጣ። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ማቆም አቃታት። በሳቁ መሐል እንባዋ ቀደመና ሳቁ ልቅሶ ሆነ፤ መደብሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እያያት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሥራ አስኪያጁ መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ሁሉ ዳበሰ። ሲያጣ ጊዜ ከረባቱን ፈትቶ ሰጣት። እሷም በከረባቱ ፊቷን ጠርጋ፣ አፍንጫዋንም ጠረገችበት።

በዚያው ሳምንት ባሏ አንዲት በጡረታ ያሉ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሟ ሬዲዮ ሊያሠሩ መጥተው ነው ከባሏ ጋር የተዋወቁት። ራጁን ብትሰጣቸው ሳያዩት ወደ ጎን አደረጉት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው እግሯን ጭናቸው ላይ አኖሩና በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ፣ ሳይናገሩ፣ ቦታ በቦታ ተጫኑት። ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሥር ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ነው፣ አይደል?»

«እዚያው ጋ ነው! እዚያው!»

«ያማል» አሉ።

«ከምን መጣ?»

«አላውቅም፣ ልጄ።»

«አያውቁም?»

«አላውቅም። ይልቀቅሽ አይልቀቅሽም አላውቅም። ማመሙን ግን አውቃለሁ።»

ባሏ ስለላላ ነገር ሊያነሣ አፉን ሲከፍት በክርኗ ጎሸም አደረገችው። እነዚያን ሁሉ ወራት ደረቷ ላይ ተጭኖ የኖረ ድንጋይ ሲወርድ ተሰምቷት ነበርና፣ ማንም እንዲያቋርጣት አልፈለገችም። ሐኪሟ ሰፊ ጫማ እንድታደርግ፣ በሚያማት ቀን ከእግሯ ጋር እልህ እንዳትጋባ መከሯትና ወረቀት ጻፉላት።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አነበበ፦ «ግማሽ ሰዓት ትቀመጥ፤ ግማሽ ሰዓት ትቁም።» ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ምክንያቱስ?»

«አልተጻፈም።»

«አልታወቀም እንኳ አይልም?»

«አይልም። ትእዛዝ ነው።»

ፊቱ በራ። «ትእዛዝ ከሆነማ ምን ምክንያት ያስፈልገዋል! ቀድሞ እንዲህ ብለሽ አታመጪውም ነበር?» በምሳ ሰዓት ወጥቶ በገዛ ገንዘቡ የሚደውል ሰዓት ገዝቶላት መጣ።

አሁን ሰዓቱ በደወለ ቁጥር ትነሣለች፤ በደወለ ቁጥር ትቀመጣለች። አዲስ ደንበኞች መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ አንዳንዶቹ ወግ እየመሰላቸው አብረዋት ይነሣሉ። ሕመሙ አልለቀቃትም። ሳምንት ሙሉ ይጠፋና ረስታው እንደ ልማዷ ስትሾር፣ ደረጃ ላይ ይጠብቃታል። ያኔ መደገፊያውን ይዛ ትቆማለች፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ ደግማ ትወርዳለች።

ከሥራ ስትገባ ባሏ ከሬዲዮዎቹ መሐል ቀና ይላል።

«እንዴት ዋለ?» ይላታል፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው።

«ዛሬስ ደግ ውሏል» ትላለች ጫማዋን እያወለቀች። «ጧት ላይ ብቻ ትንሽ ተቆጥቶ ነበር።»