የእሁድ ምራቅ

ምርጫው አልፎ፣ ግርግሩም በርዶ፣ ዓመት እንደሞላ በሰኔ ወር ትሕትና የምትባል ተመራማሪ ከቡሬ ወጣ ብላ ወዳለች አንዲት ቀበሌ የገበሬውን ጭንቀት ልትለካ መጣች። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ የሚያመነጨው ሆርሞን አለ፤ ምራቁን በትንሽ ብልቃጥ ተቀብሎ መለካት ይቻላል። ሳይንሱ አልዋሸም። ጥፋቱ የእሷ ነው፦ ሕዝብ አገኛለሁ ብላ እሁድን መረጠች፤ ይባስ ብላ ከጎኗ የቀበሌውን ሊቀመንበር አሸናፊን አቆመች።

አሸናፊ ቅዳሴ እንዳበቃ ገበሬውን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ዋርካው ሥር አሰለፈ። "የጭንቀት ምርመራ ነው፤ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም" አለ። ይህን ከአሸናፊ አፍ ሰምቶ የማይጨነቅ የሞተ ሰው ብቻ ነው።

ገበሬው ቢሆነኝ ሰልፉ መሀል ቆሟል። በምርጫው ለማን ድምፅ እንደሰጠ የሚያውቁት እሱና ፈጣሪ ናቸው። ፈጣሪ ዝም ብሎለታል፤ ምራቅ ግን ምን እንደሚናገር ማን ያውቃል? የፈራ ሰው የሚያስፈራው ነገር አለው፤ አሸናፊ ደግሞ ያ ነገር ምን እንደሆነ ከመጠየቅ ቦዝኖ አያውቅም።

ከፊቱ የነበረው ባምላኩ፣ ከአረቄ ቤት በቀር ደጅ ስሞ የማያውቅ ሰው፣ ብልቃጡ ሲዘረጋለት እጁን ደረቱ ላይ አደረገና "ቆርቤያለሁ" አለ። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ምራቁን አይተፋም፤ ይህን ሊቀመንበርም አይሽረውም። ትሕትና አንገቷን ደፍታ አሳለፈችው።

የቢሆነኝ ነፍስ መለስ አለች። ተራው ሲደርስ እሱም "ቆርቤያለሁ" አለ። ከኋላው ያለው ሰልፍ ሁሉ እየተቀባበለ "ቆርቤያለሁ፣ ቆርቤያለሁ" ይል ጀመር።

ቄስ ገብረሰንበት ጥላቸውን እንደያዙ ቆመው ይሰሙ ነበር።

"ዛሬ ሕፃናትንና ሁለት አሮጊቶችን ነው ያቆረብሁ" አሉ። "እናንተን ማን አቆረባችሁ?"

የሳቀ ሳቀ። ቢሆነኝ ግን ሚስቱ አቻምየለሽ ከሴቶቹ ወገን ወደ እሱ ስትመጣ አየ። ባልና ሚስት የሚቆርቡት አብረው ነው፤ አብረው ከቆረቡ ወዲያ ፍቺ የለም፣ ሌላ ማየት የለም። ከተጋቡ ጀምሮ እንቁረብ እያለች ለምናዋለች፤ እሱ "ልጆቹ ይደጉ"፣ "አዝመራው ይግባ" እያለ ሲሸሽ ኖሯል።

"ከማን ጋር ነው የቆረብህ?" አለችው።

"ካንች ጋር... ማለቴ፣ ልንቆርብ ነው። አባቴ ይስሙኝ! ለፍልሰታ እንቆርባለን!"

ይህን ቃል ትናንት ቢላት እልል ባለች። አሁን ፊቷ ጠቆረ።

"ከቀበሌ መደበቂያህ አደረግኸኝ? ምራቅ ፈርተህ ያመጣኸውን ቁርባን አልፈልግም።"

ብልቃጡን ከትሕትና እጅ ወስዳ እስከ መስመሩ ተፋችበትና መለሰችላት። "እንች፣ የኔን ጭንቀት ለኪው። ስም ካስፈለገው ቢሆነኝ በይው።" ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ መንገድ ገባች።

ቢሆነኝ ጀርባዋን ሲያይ ክው አለ። ብዙ ተጣልተው ያውቃሉ፤ ሰው ፊት ጥላው ስትሄድ ግን የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው። ወደ ትሕትና ዞረ።

"ዋሽቻለሁ፤ አልቆረብሁም። ብልቃጡን አምጭው።"

አፉ ደርቆ ምራቅ እምቢ አለ። ትሕትና ብልቃጡ ላይ ስም እንደማይጻፍ፣ ውጤቱንም አሸናፊ እንደማያየው ልታስረዳው ሞከረች፤ አልሰማትም። አሸናፊ ትክ ብሎ ያየዋል። ይየው! ቢሆነኝ ጉንጩን እየጠባ እንደምንም ጠብ አደረገና ብልቃጡን ትቶላት ሮጠ።

ከመንደሩ ወንዝ ማዶ ደረሰባት።

"ቆይኝ እንጅ! ምራቄን ሰጥቻቸው ነው የመጣሁ። እንቁረብ።"

"አሁንስ ማንን ፈርተህ ነው?"

"አንችን። ትተሽኝ እንዳትሄጅ ፈርቼ ነው።"

አቻምየለሽ ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"እኔኮ ትተኸኝ እንዳትሄድ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻየን ስፈራ ኖርሁ" አለችው።