ኢዩቲኪዮ ከሞተ በኋላ የተጻፉ ማስታወሻዎች

ሊዮኒላ ወረቀቱን አራት ጊዜ አነበበችው፤ ቀኑ ያው ነው። ባሏ ኢዩቲኪዮ የሞተው ማርች ሦስት። ማስታወሻው የተጻፈው ማርች አሥራ ዘጠኝ።

ነገ አርባው ነው። ሰውዬው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከዚያች የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ላይ ተጣብቆ ነበር የሚውለው። ደስ ያለው ላይ ያሰምራል፣ ሥሩ ሐሳቡን ይጽፋል፣ ምሳ ሲጠሩት አይሰማም። ከጸሎቱ በኋላ ለእንግዶች ያሰመረውን ላንብብላቸው ብላ ማንበቢያዋን እሱ ያደርግ እንደነበረው ከጎረቤት ዋይፋይ አገናኘች፤ ማስታወሻውን ጠቅልላ ወደ ኢሜይሏ ላከችና ኢንተርኔት ቤት ሄዳ አሳተመችው። አሥራ አራት ገጽ ወጣ። የጻፈው ሰው ስም የለበትም፣ ቀን ብቻ።

ደግሞ ሰውዬው ከራሱ ጋር ይጣላል። በአንዱ መጽሐፍ ላይ ስላለ አባት፣ «ይሄ አባት ግትር ነው» ይላል። በዚያው ቀን እዚያው ሥር፣ «ግትር ሳይሆን የተጎዳ ነው» ይላል። የቱን ልታነብላቸው ነው?

ወረቀቱን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። በአክብሮት ማናንግ የምትላቸው የባሏ ታላቅ እህት ፓሲንግ፣ ነገ ለሚሠራው ፓንሲት ለሚሉት የኑድል ጥብስ ነጭ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር።

«ማናንግ፣ እስቲ ይቺን ቀን ይዩልኝ።»

ፓሲንግ አዩና አማተቡ። «ነፍሱ እስከ አርባው ከቤት አትርቅም አላልኩሽም? እሱ ነው!»

«ሞቶም ይጨቃጨቃል?»

«ቆሞስ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል?»

«ታዲያ ማስታወሻው የመጣው በዋይፋይ ነው፤ ነፍስ ዋይፋይ ምን ያደርግላታል?»

«እኔ ምን አውቄ! አንቺ ብቻ የጎደለበትን ፈልጊ።»

የጎደለበትንማ ሁለቱም ያውቃሉ። ልጁ ሜርሊ ናት። ያገባችውን ሰው አልቀበልም ብሎ ከቤት ካስወጣት ስድስት ዓመት አለፈ፤ የስልክ ቁጥሯን ቀይራ ድምጿ ጠፋ። አስከሬኑን ዘጠኝ ቀን አቆይተው ጠበቋት፣ የሚያውቃት ሁሉ ተጠየቀ፣ አልተገኘችም። ሊዮኒላን እንቅልፍ የነሳት ከሞቱ ይልቅ ይሄ ነበር፤ ልጅ አባቷን ሳትሰናበት አርባው ሊወጣ ነው።

ግራ እንደገባት የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። የትናንት ቀን ነው።

«ታታይ፣ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ከጠየቅኩህ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ለምን ዝም አልከኝ? ደግሞ ተቆጣህ?»

ሊዮኒላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ታታይ፣ አባዬ! ይህን ሰው ታታይ፣ እሷን ደግሞ ናናይ የሚል አንድ ልጅ ብቻ ነው። ያኔ ልጅቷ ቤት ሳለች፣ አንዱን መጽሐፍ ሁለቱም እንዲያነቡት፣ አንዱ የጻፈውንም ሌላው እንዲያየው ብሎ አባቷ ስልኳን ከራሱ የማንበቢያ መለያ፣ ከአካውንቱ ጋር አያይዞላት ነበር። ከቤት አስወጣት እንጂ ከመለያው አላስወጣትም። ስድስት ዓመት ሙሉ በመጽሐፍ ጠርዝ ላይ ሲከራከሩ ኖረዋል፣ ሊዮኒላ በየቤተ ክርስቲያኑ ሻማ ስታበራ! ብሽቀትና ደስታ ተደባለቁባት። አንድ ቀን እንኳ «ልጅሽ ደህና ናት» ቢላት ምን ነበረበት?

«ምን ይላል?» አሉ ፓሲንግ።

«እሱ አይደለም ማናንግ። ሜርሊ ናት። መሞቱን አታውቅም።»

የፓሲንግ ቢላ ቆመ። «ጻፊላታ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሊዮኒላ ማንበቢያዋን አመጣች። አጻጻፉን አታውቅበትም፤ ሁለት ጊዜ ገጹ አመለጣት፣ አንዴ የማይሆን መስመር አሰመረች። በመጨረሻ ከልጇ ጥያቄ በታች አንድ ባዶ ሳጥን ተከፈተላት። በአንድ ጣቷ እየለቀመች ጻፈች፦

«ናናይ ነኝ። አልተቆጣም፣ ሞቶ ነው። ቤት ነይ።»