ሽመሎቹ የወረዱበት ኩሬ

በ1978 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ራቢዓ ከጎብዬ በታች፣ ከኩሬው ዳር፣ ማሽላዋን ከግሪሳ ትጠብቅ ነበር። ከድርቁ ወዲህ ያበቀለችው የመጀመሪያ ማሽላ ነውና ከማማው የምትወርደው ለሶላት ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወንጭፏን አጩኻ ቁልቁል ብትመለከት፣ ሣሩ መሐል አንድ ሰው በደረቱ ተኝቶ መነጽር ዓይኑ ላይ ደቅኗል። ያያል፤ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ደግሞ ያያል። አምና እህቷ አሚና ለሰፈራ ስትሄድ፣ መጀመሪያ የመጣው እንዲሁ ደብተር የያዘ ሰው ነበር።

እየፈራችም ወርዳ ፊቱ ቆመች። «ደግሞ ማንን ሊመዘግቡ ነው? ከእኛ ቤት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ሰውየው አቧራውን እያራገፈ ተነሣ። ይሁኔ ይባላል፤ ከጎጃም ተመድቦ ቆቦ የሚያስተምር የሳይንስ መምህር ነው። «ሰው አይደለም እትዬ፣ ወፍ ነው የምቆጥረው» አለና ደብተሩን ዘረጋላት። ማንበብ ባትችልም በየመስመሩ ዳር የተሣሉትን ዳክዬና ሽመላ ለየቻቸው።

«ወፍ ቆጥረው ምን ያደርጉታል?»

«ሽመሎቹ ብርድ ሸሽተው ከባሕር ማዶ ነው የሚመጡት። በጋውን እዚህ ከርመው ይመለሳሉ። ስንቱ በደህና እንደገባ ሳውቅ ደስ ይለኛል።»

ራቢዓ ሳቀች። እሷ ወፍ ስታባርር ትውላለች፤ ይሄ ደግሞ ሊያያቸው ከቆቦ ድረስ ይመጣል። መነጽሩን ሲሰጣት ግን ሳቋ ቆመ። ሽመላው እጇን ብትዘረጋ የምትነካው መሰላት።

«አምናም መጥተው ነበር» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «ኩሬው ደርቆባቸው ዞረው ዞረው ሳይወርዱ አለፉ። አሚና ያን አይታ ነው፣ ‹ወፉም ጥሎን ሄደ› ብላ ስሟን ያስጻፈችው።»

መነጽሩን መለሰችለትና፣ «ደብዳቤ ይጽፉልኛል?» አለችው።

ከደብተሩ አንድ ቅጠል ገነጠለ። ከሰፈራ ተመለሺ ማለት በመንግሥት እንደሚያስጠይቅ ሁለቱም ያውቃሉ። ራቢዓ እንዲህ አስጻፈች፦ «እኔ ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ። ማሽላው ፍሬ ይዟል። ኩሬው ሞልቶ ሽመሎቹ ወርደዋል።» ከዚያ ቀና አለችና፣ «ስንት ናቸው?» ብላ ጠየቀችው።

«አርባ ሦስት።»

«እሱንም ይጻፉት። አሚና እንዲሁ በቃል አታምንም።»

ሰኔ ሲገባ፣ ደብዳቤው የደረሳት አሚና ልጇን አዝላ፣ ግማሹን መንገድ በእግሯ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ተጉዛ ጎብዬ ደረሰች። ሽመሎቹ ከሄዱ ቆይተዋል። ራቢዓ አቅፋት አለቀሰች፤ በማግስቱም ሁለቱ እህትማማቾች ማሽላ ሲዘሩ ዋሉ።