ከድንጋይ የተፈለፈለች ትንሽ ዕቃ

የሙዚየሙ ሰዎች «ማብራሪያ» ይሉታል። ሥራው ከመስታወት ሣጥኖቹ ሥር የሚለጠፉትን መግለጫዎች መጻፍ ነው፤ ቅጽል ስሙ የወጣለት ግን በሥራው ብቻ አይደለም። ሰዓት ስንት ነው ብሎ የጠየቀውን ሰው ስለ ሰዓት አሠራር ሳይነግረው አይለቅም። በመተላለፊያው ብቅ ሲል ድንገት ስልክ የሚደወልለት ሰው ይበዛል። እሱም ይህ ሁሉ ስልክ የሚደወለው መሥሪያ ቤቱ ሥራ ስለሚበዛበት ነው ብሎ ያምናል፤ ለጠየቀውም ያስረዳል።

ሰሞኑን የያዘው ጉዳይ አንዲት ከድንጋይ የተፈለፈለች ጥንታዊ ዕቃ ነች። ከዕንቁላል እምብዛም አትበልጥም። ውጪዋ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተደራረበ የተቀረጸ ነው፤ ውስጧ ደግሞ የባቄላ ቅርጽ ያለው አንድ ጎድጓዳ ብቻ አለ። የቀረጻት ሰው ብዙ ደክሞባታል። ምን እንደሚቀመጥባት ግን የሚያውቅ የለም፤ ያውቁ የነበሩት ሰዎች ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ማብራሪያ እንዲህ ሲገጥመው «ለሥርዓት መፈጸሚያ» ብሎ ጽፎ መገላገል ይወድ ነበር። ዳይሬክተሯ ግን በአዳራሹ ውስጥ ለሥርዓት መፈጸሚያ ያልሆነ ዕቃ እንደጠፋ፣ ባለፈው አንድ ጎብኚ እነዚህ ሰዎች መቼ ነበር ቁርሳቸውን የሚበሉት ብሎ እንደጠየቃቸው ነገሩትና፣ የዚህችን ትክክለኛ አገልግሎት ፈልግላት አሉት።

ሙዚየሙ ለዚህ የራሱ ዘዴ አለው። አገልግሎቱ ያልታወቀ ዕቃ ሲያጋጥም በልኩ ግልባጭ ይሠራና መግለጫ ጻፊው ቤቱ ወስዶ አብሮት ይኖራል። ዕቃ ከሰው ጋር ውሎ ሲያድር ሥራውን ራሱ ያገኛል ነው ነገሩ። ማብራሪያም ግልባጯን በመሐረብ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይዟት ሄደ።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ እናት የልጇን ቤት ቤቴ ብላ ተቀምጣለች። አሁን ግን ታናሽ እህቱ ደረጃ የሌለው ቤት ተከራይታ እማዬን ልውሰድ ብላለች። እናትየው ጉልበቷን ያማታል፤ እስከ ቅዳሜ ላስብበት አለቻቸው።

ማብራሪያ እናቱ እንድትሄድበት አይፈልግም። ከሥራ ሲመለስ መብራት በርቶ ማግኘት ይፈልጋል፤ ጨለማ ቤት ከፍቶ ብቻውን መግባት ይፈራል። ይህን ግን አልነገራትም። የነገራት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አየሩ ንጹሕ መሆኑን፣ ክሊኒኩ ቅርብ መሆኑን፣ ደረጃ መውጣትም ለልብ ጥሩ መሆኑን ነው።

እስከዚያው ዕቃዋን ሥራ ሊያስጀምራት ይሞክር ጀመር። ዘይት ጨምሮ ክር ነከረና ለኮሳት፤ የመጋረጃው ጫፍ ተለበለበ። ጨው አደረገባት፤ ከዚያ ጎድጓዳ ጨው መቆንጠጥ የሚችል ጣት የሕፃን ጣት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቀለም ሞላባት፤ ፈሰሰና የጠረጴዛውን ልብስ ለወጡ። ሽቶ አደረገባትና ሽቶው ተነነ። ያልተሳካው ሁሉ ለምን እንዳልተሳካ እራት እየበሉ ለእናቱ ይተነትንላታል። እናቱም እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ፈገግ እያለች፣ አንገቷን እየነቀነቀች ትቀመጣለች። በሕይወቱ እንዲህ ያለ አድማጭ ገጥሞት አያውቅም። ልቡ ቅቤ ጠጣ። ይህን ያህል ወሬውን የምትወድ እናት ትታው የት ትሄዳለች? የእህቱ ቤት ደረጃ ባይኖረውም ወሬም የለውም።

ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ፣ ዕቃዋ የኩል ማስቀመጫ ልትሆን የማትችልበትን ምክንያት በመዘርዘር ላይ እያለ የበሩ ደወል ጮኸ። እህቱ መሆን አለባት። ደወሉ ደግሞ ጮኸ። እናቱ ዞር እንኳ አላለችም፤ አንገቷን ነቀነቀችለት። ያኔ ነው ክርኗ አጠገብ ያለችውን ዕቃ ያየው። ጎድጓዳው ውስጥ የእናቱ የመስሚያ መሣሪያ ተጋድሟል፤ ያ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው፣ ራሱ ገዝቶላት አጠቃቀሙን ግማሽ ቀን ያስረዳት።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር መነጽሩን ማጥለቅ ነው። በልኳ ነው። ጫፉ አይወጣ፣ ጎኑ አይላወስ፤ ለእሱ የተፈለፈለች ነው የሚመስለው። ዘዴው ዕቃዋን ለቤቱ ሰው ሁሉ ተዋት ይላል፤ እሱ ግን ይከታተል የነበረው የራሱን እጅ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ካሰበ በኋላ ነው ክው ያለው። ለካ እናቱ ሰሞኑን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላው ኖሯል። በቁሙ አፈረ።

በሩን ሲከፍት እህቱ ሰላም ብላው አልፋ ገባች፤ ከእናቷ ክፍል የተዘጋጀ ሻንጣ ጎትታ ወጣችና ወደ መኪናው ይዛው ወረደች። ሻንጣው መቼ እንደተዘጋጀ አያውቅም። ሲያስረዳ ሳይሆን አይቀርም።

ተመልሶ እናቱ ፊት ቆመና በጣቱ ዕቃዋን አሳያት።

«አትቀየመኝ ልጄ» አለችው። ጆሮዋ ባዶ ስለሆነ ድምፅዋ ጎላ ብሎ ነበር። «ስሰማህ ነገሩ ይበዛብኛል። ሳልሰማህ ግን ፊትህን አያለሁ። ስታወራ ቁርጥ አባትህን ነህ። እሱም ነገር ሲይዝ ቅንድቡ እንደዚሁ ነበር የሚዘለው። እሱን እያየሁ ነው የማመሸው።»

አፉን ከፈተ። እናቱ እጇን አንስታ አስቆመችውና መሣሪያዋን ከዕቃዋ አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ሲጥ ብሎ ጮኸና ዝም አለ።

«በል አሁን እየሰማሁህ ነው። ሰሞኑን ስለ መሄዴ ምን እንዳልከኝ አላውቅም። ንገረኝ።»

አየሩ፣ ክሊኒኩ፣ የልብ ጤና፣ ሁሉም በተራ ተሰልፈው ምላሱ ጫፍ ድረስ መጡ። አንዱም አልወጣ አለ።

«አትሂጂብኝ» አለ።

እናቱ ቀሪውን ጠበቀች። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም እማዬ።»

እናትየው ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። በመስኮቱ ብቅ ብላ ልጇን ያንን ሻንጣ መልሰሽ አምጪው አለቻት። እህትየው ከታች የመለሰችው ነገር ለእናትም ለወንድምም የሚባል አልነበረም፤ ሻንጣውን ግን አወጣችው፤ በየፎቁ እያረፈች፣ በየፎቁ እየተናገረች። ማብራሪያ ለእገዛ ወርዶ ነበር፤ አታስነካኝ አለችው።

በቀጣዩ የሥራ ቀን መግለጫውን ለዳይሬክተሯ አስረከበ። «ከድንጋይ የተፈለፈለች ትንሽ ዕቃ። ምን እንደሚቀመጥባት አልታወቀም» ይላል። ዳይሬክተሯ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ደኅና መሆኑን ጠየቁት፤ ደኅና ነኝ አላቸው። ግልባጯን መቼ እንደሚመልስ ሲጠይቁት ግን ገና ሥራ ላይ ነች አላቸው።

እውነቱን ነው። ማታ ማታ እራት ሲቀርብ እናቱ መሣሪያዋን አውልቃ ታስቀምጥባታለች። እሱም ወንበሩን ጠጋ ያደርግና ፊቱን ወደ መብራቱ አዙሮ ያወራል።